ገምቱ፣ ከዚያ እንለካለን

በገራዶ፣ በደሴ ዙሪያና በኮምቦልቻ በየትምህርት ቤቱ ጠመኔ የያዛችሁ መምህራን፣ ልጆቻችሁ ደብተራቸውን ይዘው ሲገቡ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ብላችሁ የምትጠይቁ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ዝግጅት ለእናንተ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና አልቆ ሁለተኛው ተጀምሯል። በልግም ደጅ ላይ ነው። የዛሬው ርእሳችን የአካባቢ ሳይንስ ነው። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን ሳይንስን እንዴት ቢማሩት ይገባቸዋል? ወረቀትና እርሳስ፣ ከተቻለም አንድ ባዶ ሃይላንድ አጠገባችሁ አድርጉ። እንፈልገዋለን።

የሳይንስ ነገር በተነሣ ቁጥር ከመምህራን መጀመሪያ የምንሰማው "ቤተ ሙከራ የለንም" የሚል ነው። እውነታቸውን ነው። በገጠር ቀበሌ ማይክሮስኮፕ ቀርቶ በቂ ዴስክ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ የሰሜኑ የአገራችን ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ንብረታቸውን አጥተዋል። መጽሐፉም፣ ኮምፒውተሩም፣ ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ የተሰበሰበው የመርጃ መሣሪያም ሄደ። ይህ ለደረሰበት መምህር "ያለ ምንም እቃ ማስተማር ትችላለህ" ማለት ልብ ያቆስላል። እቃው ያስፈልጋል፤ ማሟላት የሚገባውም ክፍል ሊያሟላው ይገባል። ልጆቹ ግን እቃው እስኪመጣ ባሉበት አይቆሙም። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ያለች ልጅ የሚቀጥለው ዓመት አራተኛ ናት። የሦስተኛ ክፍል ጥያቄዋ ሳይጠየቅ ካለፈ አለፈ።

እንዲህ ዓይነት ችግር የገጠመን እኛ ብቻ አይደለንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓና በእስያ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ፈርሰው፣ ቤተ ሙከራዎቻቸው ተቃጥለው ነበር። ያኔ ስቲፈንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሳይንስ መምህር በጦርነት በወደሙ አገሮች ለሚያስተምሩ ባልደረቦቹ አንዲት ትንሽ የምክር መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ዩኔስኮም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 አሳተማት። ከጣሳ፣ ከጠርሙስ፣ ከሽቦና ከሻማ ምን ምን መሥራት እንደሚቻል የምታሳይ መጽሐፍ ነበረች። የሚገርመው ጦርነት ባልነካቸው፣ ግን ከድሮውም ቤተ ሙከራ በማያውቁ አገሮች ጭምር ተፈላጊ መሆኗ ነው። በ1956 ሰፍታና ዳብራ የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ ተብላ ወጣች፤ ወደ ብዙ ቋንቋዎችም ተተረጎመች። ለአደጋ ጊዜ ተብሎ የተጀመረው ዘዴ በደኅናውም ጊዜ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ።

ይሁንና እቃ የጉዳዩ ግማሽ ነው። በእኔ እምነት ትልቁ ችግራችን ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በብዙ ክፍሎች ትምህርቱ የሚጀመረው በፍቺ ነው። መምህሩ "ትነት ማለት..." ብሎ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ቤታቸው ሄደው ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ያንኑ ይመልሳሉ። ሙከራ ከተሠራም በመጨረሻ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ መልሱ ከታወቀ በኋላ ነው። መልሱን አስቀድማ የሰማች ልጅ ሙከራውን የምታየው ለምን ብላ ነው?

እስቲ አንድ የአራተኛ ክፍል ትምህርት እናስብ። ርእሱ የሚንሳፈፉና የሚሰምጡ ነገሮች ነው። መምህርቷ ውሃ የሞላበት ሳፋ፣ አንድ ጠጠርና አንድ የደረቀ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይዛ ገባች። ሰሌዳው ባዶ ነው።

"የቱ ይከብዳል?" ትላለች። ሁለት ልጆች ወጥተው በእጃቸው ይመዝናሉ።

"ጉማጁ፣ ቲቸር!"

"ውሃ ውስጥ ብንከታቸውስ? ጉማጁ ይሰምጣል የምትሉ እጅ አውጡ።" ትቆጥራለች፤ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። "ጠጠሩ ይሰምጣል የምትሉስ?" ያንንም ትጽፋለች። ከዚያ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ልጅ ምክንያቱን እንዲናገር ታደርጋለች። "ከባድ ነገር ይሰምጣል፣ ቲቸር" ይላል አንዱ። ሌላዋ ደግሞ "ወንዙ ሲሞላ ግንድ ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ" ትላለች። መምህርቷ አንዱንም ልክ ነህ፣ ተሳስተሻል አትልም። አሁን ሁለቱንም ውሃ ውስጥ ትከታለች።

ክፍሉ ይጯጯኻል። ይጯጯኽ። ቀጥሎ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው ወርቁ፦ "ከባዱ ተንሳፍፎ ቀላሉ ከሰመጠ፣ የሚያሰምጠው ክብደት ብቻ አይደለማ! ታዲያ ምንድን ነው?" ከልጆቹ አንዱ "ጠጠሩ ትንሽ ሆኖ ከባድ ነው" የሚል መልስ እስኪያመጣ ትጠብቃለች። ያ ልጅ የእፍግታን ሐሳብ በራሱ አፍ ተናገረ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ፍቺው ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ የሚያርፍበት ቦታ አግኝቷል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሊሰምጥባችሁ ስለሚችል በደንብ የደረቀውን ምረጡ፣ ቤታችሁም አስቀድማችሁ ሞክሩት።

የግምቱ ጥቅም ይህ ነው። የኳስ ጨዋታ ሲታይ ቡድን ያለው ሰውና የሌለው ሰው እኩል አያዩም፤ ቡድን ያለው ዐይኑን አይነቅልም። የገመተች ልጅም እንደዚያው ናት፤ የሷ ቃል ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፣ ውጤቱ ይመለከታታል። ግምቷ ባይሰምር አይሳቅባት፤ በዚህ ላይ መምህሩ ጠንካራ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የተሳቀባት ልጅ ሁለተኛ አትገምትም።

አሁን ሃይላንዱን አንሡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የወረደ ብዙ ሰው አይቶት ሳይጠይቀው ያለፈ ነገር አለ። ደሴ ላይ ውሃውን ጠጡና ባዶውን ሃይላንድ አጥብቃችሁ ክደኑት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስትደርሱ ጎኑ ጎድጉዶ፣ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልተጫነውም። ክዳኑን ላላ ስታደርጉት እስስ ብሎ አየር ይገባና ቅርጹ ይመለሳል። ለምን? ሙዚቃው እስኪያልፍ ግምታችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን ማለት ነው። አየር ክብደት አለው። ዝቅ ባልን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ይበዛል፣ ጫናውም ይጨምራል። ሃይላንዱ ውስጥ ያለው አየር የደሴ አየር ነው፤ ከውጭ የሚጫነው ግን የኮምቦልቻ ነው። የውጩ አሸነፈ፣ ሃይላንዱ ተጨማደደ። ኮምቦልቻ ከድናችሁ ወደ ደሴ ብትወጡስ? ነገሩ ይገለበጣል፤ ሃይላንዱ ተወጥሮ እንደ ከበሮ ይጠነክራል። የገራዶ ልጆች ደግሞ ከደሴ ሲወርዱ ይሞክሩት። ኮምቦልቻ ድረስ የወረደውን ያህል አይጨማደድም። ለምን እንዳነሰ ራሳቸው ይድረሱበት፤ ገራዶ ከደሴ ዝቅ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ከፍ ማለቷን ካወቁ መልሱ ሩቅ አይደለም።

ይኸው የአየር ጫና ጓዳ ድረስ ይገባል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። 300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር መፍያው በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ በ94፣ ደሴ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። የደሴ የባቄላ ንፍሮ ከኮምቦልቻው ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም የኮምቦልቻውን ያህል አይሞቅም። ሁለቱም ከተማ ዘመድ ያላት እናት ይህን ከመጽሐፍ በፊት ታውቀዋለች። ልጆቹ ሄደው ይጠይቋት።

ከጓዳ ወጥተን ወደ ገራዶ ሜዳ ስንመለስ ሌላ ትልቅ ትምህርት አለ። በደሴና በገራዶ መካከል የቆመውን የጦሳን ተራራ እዩት። በደሴ በኩል የሚወርደው የዝናብ ውሃ ወደ ቦርከና፣ ከቦርከና ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር በረሃ ውስጥ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በገራዶ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ዓባይ ያመራል፤ ሱዳንን፣ ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት ጠብታዎች አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ! ይህን በካርታ ብቻ ከማሳየት ይልቅ ልጆቹ ግቢ ውስጥ አፈር ቆልለው ተራራ ይሥሩ፣ በላስቲክ ይሸፍኑት፣ ከጫፉ ላይ በጣሳ ውሃ ያፍስሱ፣ የት የት እንደሚወርድ ይከተሉ። ተፋሰስ የሚለው ቃል ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ወደ በልግ እንመለስ። ከየካቲት ጀምሮ ዝናብ ይጠበቃል። በወሎ የዝናብ ነገር የዋዛ አይደለም፤ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምን እንዳደረሰ አያቶቻችን በዐይናቸው ያዩት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ የዝናብ መለኪያ ቢኖረው እጅግ ደስ ይለኛል። ዋጋው አንድ ሃይላንድ ነው።

አሠራሩን ቀስ ብዬ ልናገር፤ ጻፉት። ጎኑ ወጣ ገባ የሌለው፣ ቀጥ ያለ የሁለት ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ፈልጉ። አናቱን ከትከሻው በታች ዙሪያውን ቁረጡት፤ ቢላው የመምህሩ እጅ ላይ ይሁን። የተቆረጠውን አናት ክዳኑን አውጥታችሁ፣ አፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ፣ እንደ ማጥለያ መልሳችሁ ክተቱት። ይህ ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ያግዛል። የጠርሙሱ መቀመጫ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙሉት፤ እዚያ ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር አስምሩ። ያ መስመር ዜሮ ነው። ከዜሮ ወደ ላይ ማስመሪያ አድርጋችሁ በየሚሊ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ከዛፍና ከቤት ራቅ ያለ ገላጣ ቦታ ፈልጉ፤ ነፋስ እንዳይጥለው ዙሪያውን በድንጋይ አስደግፉት።

በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበብ። የአገራችን የሜትሮሎጂ ጣቢያዎችም የዕለት ዝናብ የሚያነቡት በዚሁ ሰዓት ነው። ሁለት ልጆች በየተራ ያንብቡ፤ አንዷ ዐይኗን ከውሃው ወለል ጋር አስተካክላ ትይ፣ ሌላው ይመዝግብ፣ ከዚያ ቦታ ይለዋወጡ። ቁጥራቸው ካልተስማማ ለምን እንደተለያየ ይነጋገሩ። ከተነበበ በኋላ ውሃው እንደገና ዜሮ መስመር ላይ ይመለስ። ዝናብ ባልዘነበበት ቀንም "0" ተብሎ ይጻፍ። ይህ ዜሮ ልጆችን ይሰለቻቸዋል፤ እናንተ ግን አትልቀቁ። ድርቅ የሚታየው በዜሮዎቹ ውስጥ ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ነው ደስታው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እስቲ የመማሪያ ክፍሉን ጣሪያ እናስላ። ልጆቹ በሜትር ይለኩ፤ ነገር ግን የጣሪያውን ተዳፋት አይደለም፣ ጣሪያው ከላይ ወደ መሬት ሲታይ የሚሸፍነውን ስፋት ነው የሚለኩት። 8 ሜትር በ7 ሜትር ቢሆን 56 ካሬ ሜትር ነው። አሁን አቁሙና ጠይቁ፦ "ትናንት ማታ 10 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። ከዚህ ቆርቆሮ ስንት ጀሪካን ውሃ ይወርዳል?" አንዱ "ሁለት" ይላል፣ ሌላዋ "አምስት" ትላለች። ሁሉም ይጻፍ። ስሌቱ 560 ሊትር ያመጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 28 ጀሪካን! በማለዳ ጀሪካን ተሸክማ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ይህን ቁጥር ስታይ ፊቷ ላይ የሚሆነውን እናንተው እዩት። በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ይዘንባል። በ1,000 ብናሰላው ይህ አንድ ክፍል ብቻ በዓመት 2,800 ጀሪካን ውሃ ከቆርቆሮው ያወርዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አትቁሙ። አሸንዳና በርሜል ያለው ትምህርት ቤት ስሌቱን በተግባር ይፈትን። በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል፤ ከጣሪያው አንድ ጎን የሚወርደው 280 ሊትር መሆን ስላለበት ሞልቶ መፍሰስ ነበረበት። ሳይሞላ ቢቀርስ? ውሃው የት ሄደ? "ነፋስ ወሰደው"፣ "ቆርቆሮው ሞቆ ስለነበር ተነነ"፣ "አሸንዳው ያፈሳል" የሚሉ መልሶች ይመጣሉ፤ ሁሉም ሊፈተሹ የሚችሉ ናቸው። በስሌቱና በበርሜሉ መካከል ያለው ልዩነት ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢጠፋ አልጠፋም፤ ሳይንቲስቶች ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ለረጅም ዓመታት ዝናብና ሙቀት የተመዘገበባት የሜትሮሎጂ ጣቢያ አላት። የልጆቻችን መዝገብ ዓመት ሲሞላው ከጣቢያው ቁጥር ጎን አስቀምጦ ማየትም ይቻላል፤ ኮምቦልቻ ዘንቦ ገራዶ የቀረበት ቀን፣ ገራዶ ዘንቦ ኮምቦልቻ የቀረበት ቀን ይገኛል።

ሌላው ወቅቱ የሚያመጣልን ትምህርት አፈር ነው። በዚህ ጊዜ ወላጆች በተፋሰስ ሥራ እርከን እየሠሩ ነው። ልጆቹ ይህን እያዩ ያድጋሉ፤ ክፍል ውስጥ ግን የአፈር መሸርሸር መከላከያ ዘዴዎች ተብሎ የተጻፈ ዝርዝር ይገለብጣሉ። ሦስት ሃይላንድ በቁመታቸው ሰንጥቁና እንደ ገንዳ አጋድሟቸው። በአንደኛው ባዶ አፈር፣ በሁለተኛው ገለባ የለበሰ አፈር፣ በሦስተኛው ሣር ከነሥሩ የበቀለበት አፈር ሙሉ። ከበስተኋላቸው በድንጋይ ቀና አድርጓቸው፣ ከአፋቸው ሥር ብርጭቆ አስቀምጡ። ክዳኑ በምስማር በተበሳ ጠርሙስ ለሦስቱም እኩል ውሃ አዝንቡላቸው። ከማዝነባችሁ በፊት ግን ልጆቹ የሦስቱን ብርጭቆ ቀለም በቀለም እርሳስ ስለው ይገምቱ። የባዶው አፈር ብርጭቆ ክረምት ላይ የገራዶን ወንዝ ይመስላል፤ የሣሩ ግን ጥርት ያለና ዘግይቶ የሚንጠባጠብ ነው። ብርጭቆዎቹን እስከ ማግስቱ አትድፏቸው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተንሳፍፎ ያድራል። ከማሳ ርቆ የሚሄደው የትኛው እንደሆነ ልጆቹ በዚህ ያውቃሉ።

"አያቴ፣ እርከኑን ለምን አግድም ሠራችሁት? ለምን ቁልቁል አልሆነም?" ብሎ ቤቱ የሚጠይቅ ልጅ ይህን ሙከራ ያየ ልጅ ነው። እንዲያውም አያቱን ወደ ክፍል ጋብዟቸው። "አባባ፣ በልግ መቃረቡን በምን ያውቁታል?" ብለው ልጆቹ ይጠይቋቸው፤ ደመናውን፣ ነፋሱን፣ ወፎቹን እያነሡ የሚነግሯቸውን በደብተራቸው ይጻፉ። ከዚያ በመለኪያው መዝገብ ይከታተሉ። የትኛው ምልክት ሠራ? የትኛው ሳይሠራ ቀረ? ይህ ሽማግሌዎችን መድፈር አይደለም፤ ቃላቸውን አክብሮ ማጣራት ነው፣ እሳቸውም ውጤቱን መስማት ይወዳሉ።

ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት አገራችን የምትኮራበት ምሳሌ አላት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ሄደው ነበር። በሽታውን ወደ ሰው የሚያደርሰው ተሕዋስ በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ያድጋል። ዶክተሩ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከማጠቢያው በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ነበር። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ ወሎም ትግራይም ያለች እናት ሁሉ ታውቃለች። የእሳቸው ጥያቄ "እዚህ የሞቱት ለምንድን ነው?" የሚል ነበር። ከዚያች ጥያቄ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በሙከራ አረጋገጡ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ሲመራመሩ ቆይተው በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ይህን ታሪክ ንገሯቸው፤ እንዶዱንም አምጥታችሁ አረፋውን አሳዩአቸው። እንዳይቀምሱት፣ ዐይናቸውንም እንዳይነኩበት ግን አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ።

አሁን ወደ መምህራኑ ስጋት ልግባ። "ክፍሌ ውስጥ ስድሳ ልጅ አለ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀኛል" የምትሉ ብዙ ናችሁ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሁሉም ትምህርት በሙከራ ይሁን አልልም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ልጆቹን አምስት አምስት አድርጋችሁ በቡድን ክፈሏቸው፦ በየቡድኑ አንዱ ያፍስስ፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ አንዷ ትለካ፣ አንዷ ትጻፍ፣ አንዱ ለክፍሉ ይናገር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራው ይዙር። ጸሐፊነት ሁልጊዜ ለጎበዝ ተማሪ፣ ውሃ መቅዳት ሁልጊዜ ለሴት ልጆች እንዳይሆን ተጠንቀቁ። እቃውን ልጆቹ ከቤታቸው ያምጡ፤ ስድሳ ባዶ ጠርሙስ በሁለት ቀን ይሰበሰባል። ፈተናውን በተመለከተ፣ እንፋሎት ከድስት ክዳን ላይ ተመልሶ ሲንጠባጠብ አይታ፣ ለምን እንደሆነ የተከራከረች ልጅ ስለ ትነትና ስለ ጤዛ የሚመጣን ጥያቄ ቃሉ ቢቀየርባትም አትስትም። የሸመደደችው ግን ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ይጠፋባታል። ልዩነቱን በራሳችሁ ክፍል ማየት ትችላላችሁ፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንዱን ርእስ በዚህኛው፣ አንዱን በዚያኛው መንገድ አስተምሩና ወር ቆይታችሁ ሳታስታውቁ ጠይቋቸው።

ብቻችሁንም አትድከሙ። በጉድኝት ማዕከሉ ስትገናኙ የሠራላችሁንም ያልሠራላችሁንም ሙከራ ተነጋገሩበት። ከደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በቅርብ የወጡ ወጣቶች አዲስ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ ነባሮቹ ደግሞ ልጆቹን ያውቃሉ።

ለወላጆች የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅ "ይህ ለምን ሆነ?" ሲል "ዝም በል፣ ወሬ አታብዛ" አትበሉት። መልሱን ካላወቃችሁ "አንተስ ምን ይመስልሃል?" በሉት። ይህ የመምህሩን ሥራ እኩሌታ ያቃልላል። ወንዝ ዳር የሚደረግ ነገር ካለ ግን ያለ ትልቅ ሰው እንዳይሄዱ፤ ከላይ የዘነበ ዝናብ ታች ፀሐይ እያለ ጎርፍ ይዞ ይመጣል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ኤሌክትሪክ እንገባለን። ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ስንዝር ያህል ሁለት ቀጭን ሽቦ፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ምስማርና አንድ የመዳብ ሽቦ ይዛችሁ ጠብቁን። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ምንም የምናደርገው ነገር የለም፤ ልጆቹም እንዳይነኩት ንገሯቸው። እስከዚያው አንድ ግምት ጽፋችሁ ቆዩ፦ አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ አምፖልና አንድ ሽቦ ብቻ ቢሰጣችሁ አምፖሉን ማብራት ትችላላችሁ? ሥዕሉን ሥሩና አስቀምጡ።